ሞደምና ሊኑክስ ሲጋጩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር በምጠግንባት ጠባብ ክፍል አንድ መሳቢያ አለ፤ «ሞቷል» ተብለው የመጡ የዩኤስቢ ሞደሞች ማረፊያ ነው። ሰው ሌላ ይገዛና አሮጌውን ትቶልኝ ይሄዳል። ማታ ማታ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ እየሰካሁ ስሞክራቸው አብዛኞቹ ይነሳሉ። በሽታቸው ጉዳት ሳይሆን የይዞታ ክርክር ነበር፤ አንዱን መግቢያ ሁለት ፕሮግራም ወይም ሁለት ዕቃ «የእኔ ነው» ብሎ ይዞታል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠሩ ደንበኞቼ በየጊዜው የሚጠይቁኝ ናቸው፤ ለሁሉም መልስ ስሰጥ መጀመሪያ የማጣራው ቦታውን ማን እንደያዘው ነው።

ትእዛዞቹን እንዴት ላንብባቸው?

እዚህ በፊደላችን በድምፃቸው ተጽፈዋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት፣ የእያንዳንዱ ቃል ፊደላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ። «ኤልኤስዩኤስቢ» ስል ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ ማለቴ ነው፤ «ዲሜስጅ» ደግሞ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ። ትልቅ ፊደል በሚያስፈልግበት ቦታ ለይቼ እናገራለሁ።

ሞደሙን ሰክቼ ምንም ካልመጣ ከየት ልጀምር?

ከማጥፋትና ከማስነሳት አትጀምሩ። ኮምፒውተሩን ማስነሳት ችግሩን አንዳንድ ጊዜ ይፈታዋል፤ ማስረጃውን ግን ይዞት ይሄዳል፤ ነገ ሲመለስም እንደ አዲስ ትደናገጣላችሁ።

ሞደሙን ንቀሉትና ተርሚናል ክፈቱ። «ሱዶ ዲሜስጅ» ብላችሁ ክፍተት ትታችሁ ሰረዝና ትንሿን ደብሊው ጨምሩ። «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስኬዳል፤ የቀረው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የሚናገረውን እየተከታተለ የሚያሳይ ነው። አሁን ሞደሙን ሰኩና ዓይናችሁን ከስክሪኑ አታንሱ።

አንድም መስመር ካልተጨመረ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፦ ገመዱ፣ ቀዳዳው ወይም ሞደሙ ራሱ። አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ ተገኘ ብሎ ከዚያ የሲዲ ማጫወቻ ከጠራ፣ ሞደሙ ገና መልኩን አልቀየረም። «ቲቲዋይዩኤስቢ0» (ዩኤስቢ የሚለው በትልልቅ ፊደላት ነው) ላይ ተያያዘ የሚል መስመር ካያችሁ ግን ከርነሉ የራሱን ድርሻ ጨርሷል፤ ጠቡ ከእሱ በላይ ባሉት ፕሮግራሞች መካከል ነው። አዳዲስ ሞደሞች «ቲቲዋይኤሲኤም0» (ኤሲኤምም በትልልቅ ነው) ወይም «ደብሊውዋን0» በሚል ስም ሊመጡ ይችላሉ፤ ትርጉሙ ያው ነው።

ከዚያ «ኤልኤስዩኤስቢ» ብላችሁ የሞደሙን መለያ በደብተር ጻፉ። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ባለ አራት አኃዝ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የአምራቹ ነው። 12ዲ1 ሁዋዌ ነው፣ 19ዲ2 ዜድቲኢ። ሁለተኛው ቁጥር የሞዴሉ ነው፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ቁልፉ እሱ ነው።

ሞደሙ እንደ ሲዲ ሆኖ ይታያል እንጂ ኢንተርኔት አይሰጥም። ምን ሆኖ ነው?

የቅኔ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ሲዲ፣ ወርቁ ሞደም ነው። አምራቾቹ የዊንዶውስ ፕሮግራማቸውን ሞደሙ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሲሰካ «እኔ የሲዲ ማጫወቻ ነኝ» ይላል። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ አንድ ትእዛዝ ሲላክለት ሰሙን ጥሎ ሞደም ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ይህን ትእዛዝ የሚልከው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ፕሮግራም ነው።

ለውጡን በመለያ ቁጥሩ ታውቁታላችሁ። ብዙ የሁዋዌ ሞደሞች ሲሰኩ 1446 ይሉና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ 1506 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር ይዞራሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ ቁጥሩ ያው ከሆነ ቅኔው አልተፈታም ማለት ነው። ዩኤስቢ ሞድስዊች መጫኑን አረጋግጡ። አንዳንድ የዜድቲኢ ሞደሞች ደግሞ ከዚህ ይቀልላሉ፤ የሲዲውን ምስል በቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ «አውጣ» ስትሉት ራሳቸው ይቀየራሉ።

ከተቀየረ በኋላ ፕሮግራሞች ከሞደሙ ጋር የሚነጋገሩባቸውን ወደቦች የሚፈጥረው «ኦፕሽን» የሚባል ድራይቨር (ዕቃውን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ነው። ስሙ «ምርጫ» ማለት እየመሰላቸው ግራ የሚጋቡ ተማሪዎች አሉ፤ ስሙን የወሰደው ግን ኦፕሽን ከሚባል የቤልጅየም ሞደም አምራች ነው።

ያን ፕሮግራም ለማውረድ እኮ ኢንተርኔት ያስፈልጋል!

እውነት ነው። መውጫው ስልካችሁ ነው። ስልኩን በገመድ አገናኙና ከቅንብሩ ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማጋራት የሚለውን አብሩ፤ ሊኑክስ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ፕሮግራሙ ትንሽ ስለሆነ ከጥቅላችሁ የሚበላው ከቁጥር አይገባም።

«ወደቡ ተይዟል» የሚል ስህተት ይመጣል። ማን ነው የያዘው?

በጣም የሚዘወተረው ይህ ነው። እንደ ቲቲዋይዩኤስቢ0 ያለ አንድ የሲሪያል ወደብ በአንድ ጊዜ አንድ ጌታ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው «ሞደም ማኔጀር» የተባለው አገልግሎት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ከዚያ እናንተ በ«ደብሊውቪዳያል» ለመደወል ወይም በ«ጋሙ» አጭር መልእክት ለመላክ ስትሞክሩ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ።

ያዡን በስሙ ለማወቅ «ሱዶ ፊዩዘር» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትንሿ ቪ ጋር ጻፉና የወደቡን ሙሉ አድራሻ ስጡት፤ ወደቡ የሚገኘው «ዴቭ» በሚባለው ማህደር ውስጥ ነው። በመጨረሻው ዓምድ የፕሮግራሙን ስም ይጽፍላችኋል። ከዚህ በኋላ ግምት አያስፈልግም።

ምክሬ አንዱን መምረጥ ነው። ኢንተርኔት ብቻ ከፈለጋችሁ ሞደም ማኔጀርን ተዉት፤ አሮጌውን የመደወያ ፕሮግራም አጥፉት። የመልእክት ፕሮግራማችሁ ብቻውን እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ሲስተምሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ ሞደም ማኔጀርን አቁሙት። የአገልግሎቱ ስም ሲጻፍ ሁለቱም ኤሞች ትልልቅ ናቸው፤ በትንንሹ የጻፈ ሰው «እንዲህ ያለ አገልግሎት የለም» ተብሎ ይመለሳል። «ስቶፕ» ብቻ ካላችሁት የኮምፒውተሩን ግንኙነቶች የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር መልሶ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ጨርሶ እንዳይነሳ የሚያደርገው «ማስክ» የሚለው ቃል ነው። ሁለቱንም አብረው ማሠራት የግድ ከሆነ አንድ ዕድል አለ፦ ብዙ ሞደሞች ሁለት ሦስት ወደብ ስላላቸው አንዱ ለመደወያ፣ ሌላው ለመልእክት ሊውል ይችላል። በሥራ ቦታ ግን አልመክረውም፤ በረጋ ቀን ይሠራል፣ በተጨናነቀ ቀን ይጣላል።

ሞደም ስሰካ ሌላ ዕቃ (ሚዛን፣ ደረሰኝ ማተሚያ) ለምን ይረበሻል?

ቡሬ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ሚዛኑ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክብደቱ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሞደም ከገዙ ወዲህ ሚዛኑ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ዜሮ ላይ ደርቆ ይውላል። ኃላፊው «ይህን ሚዛን ቡዳ በልቶታል፤ ከዚህ ሞደም ጋር ካልተለያየ አይድንም» አሉኝ። ግማሹ ትክክል ነበር።

ሞደም ማኔጀር የሲሪያል ወደብ ባየ ቁጥር እንደ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ጥሪው «ኤቲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ናቸው። ሞደም የሆነ ሁሉ «እሺ» ብሎ ይመልሳል። ሚዛን ግን ይህን ቋንቋ አያውቅም፤ ወይ ይደናገራል፣ ወይ ጥሪው ከራሱ ንባብ ጋር ይደባለቅበታል። የደረሰኝ ማተሚያ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት አትሞ ቁጭ ይላል። አዳዲሶቹ የሞደም ማኔጀር እትሞች ጠንቀቅ ይላሉ፤ የማያውቁትን ደጃፍ ቶሎ አያንኳኩም። የቆየ ሊኑክስ የጫነ ኮምፒውተር ላይ ግን በየበሩ መዞሩ አይቀርም።

መፍትሔው ሞደም ማኔጀርን ማጥፋት አይደለም፤ ሚዛኑን «ይህን እለፈው» ማለት ነው። በ«ኢቲሲ» ማህደር፣ ከዚያ በ«ዩዴቭ»፣ ከዚያ በ«ሩልስ ነጥብ ዲ» ውስጥ አንዲት አጭር ፋይል ትፈጥራላችሁ፤ ስሟ «ነጥብ ሩልስ» ብሎ ማለቅ አለበት። በውስጧ አንድ መስመር ብቻ ይጻፋል፦ በኤልኤስዩኤስቢ ያገኛችሁት የሚዛኑ ገመድ መለያ፣ ከእሱም ጋር «አይዲ ኤምኤም ዲቫይስ ኢግኖር» የሚለው ቃል ዋጋው 1 ሆኖ። ቃሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ነው፤ በየመካከሉ ያለውም የግርጌ ሰረዝ ነው እንጂ ክፍተት አይደለም። ከዚያ ገመዱን ነቅላችሁ ሰኩ።

ያን አደረግሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ሚዛኑ እንደገና ጠፋ። ለምን?

የቡሬዎቹም ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ይኼኛው ሌላ ግጭት ነው።

ወደቦች ቁጥር የሚያገኙት በመጡበት ቅደም ተከተል ነው። ሚዛኑ ቀድሞ ከተሰካ 0 እሱ ይሆናል፤ ሞደሙ 1፣ 2 እና 3 ይወስዳል። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሞደሙ ከቀደመ 0፣ 1 እና 2 የእሱ ይሆኑና ሚዛኑ 3 ላይ ይወርዳል። የሚዛኑ ፕሮግራም ግን «0 ላይ አንብብ» ተብሎ ታዟል፤ ስለዚህ የጤፉን ክብደት ሞደሙን ይጠይቃል።

በቁጥር መጥራት ተዉ፤ በስም ጥሩት። «ዴቭ» ማህደር ውስጥ «ሲሪያል»፣ በዚያም ውስጥ «ባይ አይዲ» የሚል ንዑስ ማህደር አለ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በአምራቹና በሞዴሉ ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ ስሙም ከመብራት ጋር አይቀያየርም። ያን ረጅም ስም ቅዱና በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ በቁጥሩ ፋንታ አስገቡ። አንድ ዓይነት ሁለት ሞደም ካላችሁና ስማቸው ከተመሳሰለ፣ አጠገቡ ያለውን «ባይ ፓዝ» ተጠቀሙ፤ እሱ የሚለያቸው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው። የቀዳዳውን ጎን በብዕር ምልክት አድርጉበት፤ አለበለዚያ ጠራጊዋ ስታጸዳ ነቅላ ሌላ ቦታ ትሰካዋለች።

የሲም ሰሌዳ ያለው የተማሪ ፕሮጀክት ኡቡንቱ 22.04 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ይታይና ወዲያው ይጠፋል።

ሲሪያሉን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ቺፕ ሲኤች340 ከሆነና መለያው 1ኤ86 ሁለት ነጥብ 7523 ከሆነ፣ ጥፋተኛውን ሳላየው እነግራችኋለሁ። «ቢአርኤልቲቲዋይ» ይባላል፤ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ከብሬይል ማሳያዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ ቺፕ ስለሚጠቀሙ መለያውን ሲያይ የራሱ መስሎት ይነጥቃል። ዲሜስጅ ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር «ፕሮግራሙን አጥፉት» ነው። በግል ላፕቶፕ ላይ ችግር የለውም። በትምህርት ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ግን እንዳታደርጉት፤ በዚያ ፕሮግራም የሚያነብ ተማሪ ነገ ሊመጣ ይችላል። በፕሮግራሙ የዩዴቭ ፋይል ውስጥ ያንኑ መለያ የያዘችውን አንዲት መስመር ብቻ መዝጋት ይበቃል።

ይገናኝና በየጥቂት ደቂቃው ይቆረጣል። ኔትወርኩ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ዲሜስጅን ጠይቁ። ኔትወርክ ሲቆረጥ ሞደሙ እንደተሰካ ይቆያል። «ዩኤስቢ ተነቀለ፣ ቁጥር 7» ብሎ ወዲያው «አዲስ ዕቃ፣ ቁጥር 8»፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 10 እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን ማንም ሳይነካው ሞደሙ ራሱ እየጠፋ እየበራ ነው። ኃይል አንሶታል።

ባለ ሁለተኛው ትውልድ የዩኤስቢ ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ባለ ሦስተኛው እስከ 900 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ሞደም ሲያስተላልፍ ፍጆታው በድንገት ይነሳል፤ ማማው በራቀ መጠን ደግሞ አጥብቆ ይጮኻል፣ አብልጦም ይበላል። ስለዚህ ደጀን ገደሉ አፋፍ ላይ የሚቆረጠው ሞደም ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ አምጥታችሁ ስትሞክሩት ምንም የለበትም። «ሳመጣው ይድናል፣ ስመልሰው ይታመማል» ያለኝ ሰው አልዋሸም።

የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ላይ ከመዳፊት፣ ከቁልፍ ሰሌዳና ከፍላሽ ጋር አትደርድሩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ አንስታችሁ ከኋላው፣ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ላይ ሰኩት። አጭር ማራዘሚያ ገመድ ይዞ ሞደሙን መስኮት ላይ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ ሲግናሉ ይሻላል፣ ፍጆታው ይቀንሳል። ረጅምና ቀጭን ገመድ ግን ራሱ ኃይል ይበላል።

ላፕቶፑን ከድናችሁ ስትከፍቱ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ኃይል ቆጣቢው አስተኝቶት ነው። ነቅሎ መሰካት ይበቃል፤ ከሰለቻችሁ ለዚያ ዕቃ የዩኤስቢ ማስተኛውን አጥፉ።

ዋይፋይ ላይ ሆኜ የሞደሙ ጥቅል ለምን ያልቃል?

ይህ ግጭት ስህተት የሚል ጽሑፍ አያወጣም፤ ኪስ ግን ይነካል። አንዳንድ ሞደሞች ራሳቸውን የሚያቀርቡት እንደ ኬብል ኔትወርክ ካርድ ነው፤ የሁዋዌ ሃይሊንክ የሚባሉት እንደዚህ ናቸው። ኔትወርክ ማኔጀር ሁለት መንገድ ሲያገኝ ትንሽ ቁጥር የተሰጠውን ይመርጣል፤ ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600፣ ለተለመደው የሞባይል ሞደም 700 ነው የሚሰጠው። ተራው ሞደም ከዋይፋይ ኋላ ይሰለፋል። ሃይሊንኩ ግን የኬብል ልብስ ለብሶ ስለመጣ 100 ያገኝና ዋይፋዩን ቀድሞ ይገባል። የቢሮው ነጻ ዋይፋይ እየበራ የራሳችሁ ጥቅል ይፈስሳል።

በግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ ለሞደሙ መስመር የመንገድ ቁጥሩን 800 አድርጉት፤ ይስተካከላል። ሌላም አለ፦ ሃይሊንክ ሞደም ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 የሚል አድራሻ ይይዛል። የቢሮው ዋይፋይ ማሰራጫም ያንኑ አድራሻ ከያዘ ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ የማሰራጫውን ገጽ ልትከፍቱ ብትሉ የሞደሙ ይከፈታል። የአንዱን አድራሻ ለምሳሌ ወደ 192.168.50.1 ቀይሩት።

በስልክ መስመር የሚሠራ የድሮ ሞደም ካርድ አለኝ። ይሠራል?

አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለፋክስ ብሎ ያስቀመጠው አለ። የ«ግጭት» ትክክለኛ አገሩ እዚያ ነው። የድሮ ኮምፒውተር እስከ አራት የሲሪያል ወደብ ሊኖረው ይችል ነበር፤ ወደቦቹ ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት የጥሪ መስመር ግን ሁለት ብቻ ነበር። ኮም1 እና ኮም3 ሁለቱም መስመር 4ን፣ ኮም2 እና ኮም4 ደግሞ መስመር 3ን ይጋራሉ። መዳፊቱ ኮም1 ላይ፣ ሞደሙ ኮም3 ላይ ከሆነ ሞደሙ ሲደውል መዳፊቱ ይደርቃል። ካርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መዝለያዎች ወደ ኮም2 ማዞር ወይም የማይሠራበትን ወደብ ከባዮስ ማጥፋት ይፈታዋል። «ፕሮክ» ማህደር ውስጥ ያለው «ኢንተረፕትስ» የሚባል ፋይል የትኛው መስመር በማን እንደተያዘ ያሳያል።

ካርዱ «ዊንሞደም» ከሚባሉት ከሆነ ግን አትድከሙ። ግማሽ ሥራውን ለዊንዶውስ ድራይቨር ትቶ የተሠራ ስለሆነ ከካርዱ ብቻ የሚጠበቅ ነገር የለም። ከውጭ በሲሪያል ገመድ የሚሰካው ትልቁ ሞደም ግን ዛሬም ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራል።

«ፈቃድ የለህም» ይለኛል።

ይህ ግጭት አይደለም። ወደቡ የ«ዳያልአውት» ቡድን ነው፤ የተጠቃሚ ስማችሁን ወደዚያ ቡድን አስገቡ፣ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። በየጊዜው በሱዶ መክፈት ልማድ አይሁንባችሁ።

ሞደሙ በእርግጥ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

በሦስት ቀዳዳና በሁለት ኮምፒውተር ሞክራችሁ ዲሜስጅ በሁሉም ላይ ዝም ካለ፣ ወይም በሁሉም ላይ «ስህተት ሲቀነስ 71» እያለ መለያውን ማንበብ ካቃተው ያን ጊዜ እመኑ። ሲቀነስ 71 በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከታየ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የሞደሙ ጫፍ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ እንደተሰካ ቦርሳ ውስጥ ይገባና ይታጠፋል። ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነኩት መብራቱ ብልጭ የሚል ከሆነ ብየዳ ያድነዋል። በክረምት በስልክ መስመሩ መብረቅ የገባበት የቤት ሞደም ግን አይድንም፤ ሽታውም ይናገራል።

ከመጣላችሁ በፊት ሲም ካርዱን አውጡ። እኔ መሳቢያ ውስጥ ካሉት አራቱ እስካሁን ሲማቸውን እንደያዙ ናቸው፤ አንዱን ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ስሰካው «ልጄ፣ ገንዘቡ ደርሶሃል?» የሚል መልእክት ገባበት።